ደህናው ዓይን ሲሸፈን

ጌታቸው ሰው ሲመታ አይናገርም። ሌላ ሰው ሲጣላ ይሳደባል፣ ይፎክራል፣ ያዙኝ ልቀቁኝ ይላል። እሱ ዝም ብሎ ነው የሚመታው፣ እንደ ሥራ። የዛን ቀን አመሻሽ ላይ ኢምባካሲ ካለው የካርጎ መጋዘን ወጥቶ መጣና፣ የራሱን በር አልፎ የጎረቤቱን የሚልካን በር በእግሩ በርግዶ ገባ። አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቃት።

«የልጄን ደህና ዓይን የሸፈንሽው አንቺ ነሽ?»

ሚልካ «ጋሽ ጌታቸው፣ እሱ እኮ…» ብላ ልታስረዳው ስትል ቡጢው ቀደማት። ግራ ዓይኗ ስር ነው ያረፈው። ጭንቅላቷ ውስጥ የሆነ ነገር ቀሽ ሲል ሰማች፣ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚለው። ከዛ በኋላ ወለሉ ላይ ነች። አፏ ደም ደም ይላል። አክስቷ እታገኘሁ ላይዋ ላይ ተደፍታ «በኢየሱስ ስም ጌታቸው፣ የሙት ልጅ ነች» ትላለች። አክስቷን በጸጉሯ አንስቶ አልጋው ላይ ወረወራትና ሚልካን ጎኗን በጫማው ደጋግሞ ብሏት ወጣ። ጫማው የመጋዘን ጫማ ነው፣ አፍንጫው ላይ ብረት ያለበት። ሲወጣ በሩን ዘጋላቸው፣ ቀስ አድርጎ። ከቡጢው ይልቅ ያ በር አዘጋጉ ነው ለብዙ ቀን ያስፈራት።

ትንሽ ቆይቶ በኮምፔርሳቶው ግድግዳ በኩል የሚስቱ የዓለምፀሐይ ተራ ሲደርስ ተሰማ። እሷ አትጮህም፣ ልጄ እንዳትደነግጥ ብላ ነው። የሚሰማው የሚጋጨው ነገር ብቻ ነው፤ ሰውና ግድግዳ፣ ሰውና ቁምሳጥን። ኢስትሊ ውስጥ እንደዛ ዓይነት ፎቅ ላይ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር በበር፣ መጨረሻው ላይ ቧንቧና ሽንት ቤት። አንዱ ሲያስነጥስ ሦስት በር አልፎ ያለው ይማርህ ይላል። የዛን ቀን ግን ማንም ምንም አልሰማም። ሁሉም ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፤ አንዱ ጋ መዝሙር፣ አንዱ ጋ የሶማሌ ዘፈን፣ አንዱ ጋ የእንግሊዝ ኳስ።

ሚልካ ከሆሳዕና ነው የመጣችው። አባቷ ወንጌላዊ ነበር፤ እሱ ሲሞት ዘጠነኛን ሳትጨርስ አክስቷ በሞያሌ በኩል አስመጣቻት። መጀመሪያ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር፣ ያገራችን ሰው ምግብ ቤት፣ ሰሃን ታጥብ ነበር። ምግብ ሊበሉ ከሚመጡት መሀል አንድ ለእርዳታ ድርጅት የሚሠራ ሰውዬ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ይባላሉ፣ የቤተክርስቲያኗ ሽማግሌም ናቸው፣ የሚሲዮን ዓይን ክሊኒክ አስተርጓሚ ይፈልጋል ብለው ወሰዷት። ካገር ቤት የመጣ በሽተኛ ሲኖር የሚለውን እየሰማች ለነርሶቹ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ ታደርሳለች። እንግሊዝኛዋ ስብርብር ያለ ነው፣ ግን ደፍራ ታወራዋለች።

አንድ ቀን የሆነ ሕፃን አልመረመርም ብሎ ነርሷን ነከሳት። ነርሷ በጥፊ አለችው፣ እናትየው ነርሷን ልትመታ ተነሳች፣ ክፍሉ ተተራመሰ። ሚልካ የመመርመሪያውን የላስቲክ ዳክዬ አንስታ የራሷ ጭንቅላት ላይ አስቀመጠችው። ሕፃኑ ደም ያለበትን አፉን ከፍቶ ዳክዬዋን ማየት ጀመረ። ይህንን በር ላይ ቆማ ያየችው ሚስስ ኛቦኬ ነች። ጎሳዋ ኪሲ ነው፣ ወፍራም፣ ስትራመድ የምታቃስት፣ የሽርባ ሹራብ ኪሷ ሁልጊዜ በመጫወቻ የተወጠረ። በማግስቱ ሚልካን ከአስተርጓሚነት አንስታ ወደራሷ ክፍል ወሰደቻት።

ኦርቶፕቲክስ የሚለውን ቃል አፏ እስኪለምደው ድረስ ነርሶቹ ሲስቁባት ከረሙ። ሥራው ግን ቶሎ ገባት። ሐኪሙ የሚያየው ዓይኑን ነው። እነሱ ደግሞ የሚያዩት ሁለቱ ዓይኖች እርስ በርስ መስማማታቸውን ነው። አንደኛው ዓይን ሰው እያየ ሌላኛው ወደ አፍንጫ ከዞረ ልጁ ሸውራራ እየተባለ ይሰደባል፣ ግን ጣጣው ስድቡ አይደለም። የዞረውን ዓይን ጭንቅላት ይተወዋል። ዓይኑ ምንም ሳይጎድልበት ይሰንፋል፤ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈው ደግሞ እንደሰነፈ ይቀራል። መድኃኒቱ ጭካኔ ይመስላል። ደህናውን ዓይን በፕላስተር መሸፈን ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ይደናበራል፣ ይወድቃል፤ ሰነፉ ዓይንም ሳይወድ በግዱ ይሠራል።

ሚስስ ኛቦኬ ጥቁር ማንኪያ የሚመስል የዓይን መሸፈኛ ከእጇ አይለይም። በእሱ ትመረምራለች፣ በእሱ ደግሞ ተማሪ ትመታለች። ሚልካ የልጅ ዓይን በማንኪያው ሸፍና የሸፈነችውን በኩል ስታይ ከተገኘች የእጇ አንጓ ላይ ቋ ይላል። የሸፈንሽውን ተይው፣ ያልሸፈንሽው ሲንቀሳቀስ እይ፣ ነው የምትላት። ዓመቱን በደንብ ከጨረሰች ክሊኒኩ ለዲፕሎማው ትምህርት እንደሚልካት ቃል ገብታላታለች። አንድ የማትደራደርበት ሕግ ነበራት። ፕላስተር ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ቤቱን የሚያዘው ሰው መጥቶ እዛ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ለምን ደህናው ዓይን እንደሚሸፈን መስማት አለበት። አባት ከሆነ አባት፣ አያት ከሆነች አያት። እናቲቱን ብቻ አስረድቶ መላክ እሷ ጋ ክልክል ነው።

ሚልካ የሳተችው እዚህ ላይ ነው።

ናፍቆት የጌታቸውና የዓለምፀሐይ አንድ ልጅ ነች። ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ ግራ ዓይኗ ወደ አፍንጫዋ ይዞራል። ታች መንገዱ ላይ የሚጫወቱት ልጆች «ማኬንጌዛ» ይሏታል፣ በስዋሂሊ ሸውራራ ማለት ነው፣ ጭቃም ይወረውሩባታል። ሚልካ ኮሪደሩ ላይ በሳሙና ዕቃ ክዳን ዓይኗን ሸፈን ገለጥ አድርጋ መረመረቻትና ከእናቷ ጋር ወደ ክሊኒኩ ወሰደቻት። ሚስስ ኛቦኬ አይታ መነጽርና በቀን ለተወሰነ ሰዓት የሚለጠፍ ፕላስተር አዘዘች። አባትየው የታለ ስትል ዓለምፀሐይ ሚልካን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ገና ከቤት ሲወጡ ለምናታለች፣ እሱ ከሰማ አይሆንም ይላል፣ ዓይኗ ሲድን ያኔ ያያል ብላ። ሚልካም ጌታቸውን ወንበር ላይ አስቀምጦ የማስረዳት ድፍረት አልነበራትም። ስለዚህ ለአስተማሪዋ፣ አባትየው ሰምቷል፣ ተስማምቷል፣ አለቻት።

ጌታቸው የድሮ ወታደር ነው፣ ሲነጋ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው። ዓለምፀሐይ ጠዋት እሱ ሲወጣ ፕላስተሩን ትለጥፋለች፣ ከመምጣቱ በፊት ታነሳለች። እንዲህ እያደረጉ ከረሙ። አንድ ቀን ናፍቆት አንድ ዓይኗ እንደተሸፈነ ደረጃው ላይ ተንከባለለችና አገጯ ተሰነጠቀ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ፣ ምን ዓይነት ሐኪም ነው የታመመው እያለ ደህናውን የሚሸፍን፣ አለች። ይሄ ወሬ ከጌታቸው ቀድሞ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ።

ሚልካ ፊቷ እብጠቱ እስኪቀንስ ቤት ተኛች። ግራ ጉንጯ ደንዝዟል፣ ስትነካው የሌላ ሰው ይመስላታል። ፊት ለፊት ስታይ ደህና ነው። ቀና ብላ ስታይ ግን ሁሉም ነገር ሁለት ይሆናል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ። አምፖሉ ሁለት፣ የማታቱ፣ የሚኒባሱ፣ ረዳት ጭንቅላቱ ሁለት። ምን እንደሆነ ታውቀዋለች፣ ተምራዋለች። ሁለቱ ዓይኖቿ ተጣልተዋል። የሰው ዓይን የምታስታርቅ ልጅ የራሷ ተጣልተው እንዴት ታስታርቃለች፣ ያባርሩኛል ብላ ማንም እንዳያውቅ ወሰነች።

ክሊኒክ በገባች ቀን ሚስስ ኛቦኬ ገና በሩ ላይ አየቻትና፣ እንደ ሀብታም ሚስት አገጭሽን ቀና አድርገሽ የምትሄጂው ምን አግኝተሽ ነው ብላ ሳቀች። ከዛ ሳቋ ቆመ። አገጩን የሚያነሳ ሰው ዓይኑን ወደ ላይ ላለመስደድ ነው፤ ይሄንን ያስተማረቻት ራሷ ነች። ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት፣ ባትሪ አበራችባት፣ ማንኪያውን እያፈራረቀች ሸፈነችላት። ከዓይኗ ስር ያለችው ስስ አጥንት ተሰንጥቃ ጡንቻውን ይዛዋለች፣ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል፣ ካለቀቀ ግን ኦፕራሲዮን ነው አለቻት። ማነው የመታሽ አለቻት ደግሞ። ሚልካ፣ የማታቱ በር ነው አለች።

«የማታቱ በር የጣት አንጓ የለውም» አለቻት ሚስስ ኛቦኬ።

ያኔ ሁሉንም አወራችላት፣ ውሸቷንም ጭምር። አስተማሪዋ ፖሌ ብላ ራሷን ዳበሰቻት፣ አይዞሽ ማለት ነው። ስለ ውሸቱ ደግሞ እዛው ላይ ማንኪያውን አንስታ የእጇን ጀርባ መታቻት፣ ከዚህ በፊት መትታት በማታውቀው ዓይነት። ፖሊስ ጋ ሂጂ አለቻት። ሚልካ፣ ፖሊስ ኢስትሊ ሲመጣ እኛ የምንሮጥበት እንጂ የምንሮጥለት አይደለም አለች። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ማን መታሽ ብለው ሳይሆን ኪፓንዴ፣ መታወቂያ ነው፣ አለቻት። ሚስስ ኛቦኬ ማንኪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዛ፣ ያቺ ልጅ አሁን ካልተሸፈነላት ዓይኗ አለቀ፤ አባትየው በገዛ አፉ እሺ እስኪል ድረስ አንቺም ወደዚህ ክፍል አትምጪ፣ አለቻት። በሩንም ከፈተችላት።

ቤት ስትደርስ ናፍቆት ደረጃው ላይ ቁጭ ብላለች። ፕላስተር አድርጋለች። ግን ግራው ላይ ነው፣ የሚዞረው ላይ፣ ሰነፉ ላይ። አባዬ ነው የለጠፈልኝ፣ የታመመው ይረፍ ብሎ፣ አለቻት ደስ ብሏት። ጌታቸው ልጁን ይወዳል፣ ይሄ እውነት ነው። በየጠዋቱ በዛ ድንጋይ በሚያክል እጁ እየለካ እየቆረጠ ይለጥፍላታል። ኮሪደሩ ሁሉ ደግሞ ወደደው፤ የዞረው ዓይን ስለተሸፈነ ልጅቷ ቆንጅዬ ሆነች፣ መውደቋም ቀረ። ታች ያሉት ልጆች እንኳን ስድቡን ተዉት። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ ዓይኑም በየቀኑ እየሞተ ነው።

አክስቷ እታገኘሁ ሽማግሌ ሰበሰበች። ከቤተክርስቲያን ጋሽ ሀብተወልድ መጡ፣ ከሰፈር ደግሞ ታች አልጋ የሚያከራዩት ጋሽ አብዱልፈታ። የሐረር ሰው ናቸው፣ ጌታቸው የሚፈራው ሰው ቢኖር እሳቸውን ነው፣ እስር ቤት በገባ ጊዜ ያስፈቱት እሳቸው ናቸው። ጌታቸውን አስጠርተው አፋጠጡት። ሴት ልጅ፣ ያውም የሙት ልጅ፣ ያውም ቤቷ ድረስ ገብተህ። መታሁ፣ አጠፋሁ፣ አለ፣ መሬት መሬት እያየ። እንደወጉ ድንጋይ በአንገቱ ተሸክሞ ይቅርታ ይጠይቅ ተባለ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? ከጎን ከሚሠራው ሕንፃ ብሎኬት አመጡለት። ያንን ብሎኬት ማጅራቱ ላይ ጭኖ እታገኘሁ ቤት በር ላይ ተንበረከከ። ሲሚንቶው ኮቱ ላይ ይራገፋል። ሚልካ ተቀምጣ ስለነበር ቀና ማለት አላስፈለጋትም፤ አንድ ሰው ነው፣ አንድ ብሎኬት ነው።

ጋሽ ሀብተወልድ «ይቅር በይው ልጄ። ካሣሽንም ተናገሪ፣ ያልሽውን ይከፍላል» አሏት።

ለሕክምናዋ ገንዘብ ትጠይቃለች ብለው ሁሉም እየጠበቁ ነው። አክስቷም እንደዛ መክራታለች። ሚልካ ግን ሌላ ጠየቀች።

«ካሣዬ፣ ጋሽ ጌታቸው በገዛ እጃቸው፣ በየጠዋቱ፣ የናፍቆትን ደህና ዓይን ይሸፍኑ። ደህናውን። ሌላ ካሣ አልፈልግም።»

ጋሽ አብዱልፈታ፣ በበግ የተካሰ አይቻለሁ፣ በግመል የተካሰ አይቻለሁ፣ በፕላስተር የተካሰ ግን አላህ ሳይገድለኝ አሳየኝ አሉና ሳቁ። ጌታቸው ግን ከነብሎኬቱ ቀና ብሎ አያት፣ እብድ እንደሚታይ። ያኔ ነው ሚልካ ከመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀምጣ ልትነግረው ይገባት የነበረውን የነገረችው። በሱ ሥራ ነው የነገረችው። ሁለት ሠራተኛ አንድ ሳጥን ሲያነሳ አንዱ እጁን ጣል አድርጎ ብቻ ቢሄድ፣ ጠንካራው ሁሉንም ይሸከማል፣ ያኛው ግን ክንዱ እየሟሸሸ ይሄዳል። ጠንካራውን አስቀምጠው ሰነፉን ብቻውን ካላሸከሙት መቼም ሰው አይሆንም። የናፍቆት ዓይንም እንደዛ ነው። እርስዎ ያሳረፉት ሰነፉን ነው፣ አለችው።

ይሄ ለጌታቸው ገባው። መጋዘን ውስጥ እንደዛ ዓይነት ሰው ሳይኖር አይቀርም። «ናፍቆትን ይንሳኝ፣ አደርገዋለሁ» አለ። ብሎኬቱን ከአንገቱ አወረዱለት። ተቃቀፉ ተባለና ተቃቀፉ። ደረቱ የላብና የናፍጣ ሽታ ነበረው። ሚልካ ትንፋሿን ይዛ ጨረሰችው። ብሎኬቱን ማንም ወደ ታች የሚመልሰው ስላልተገኘ ኮሪደሩ ላይ ቀረ፣ ሕፃናት ይቀመጡበት ጀመር።

ጌታቸው ቃሉን ጠበቀ። በየጠዋቱ ከግድግዳው ማዶ ጦርነት ነው። ደህናው ዓይን ሲሸፈንባት ናፍቆት ትጮሃለች፣ ትቧጭረዋለች፣ እጁን እስኪደማ ትነክሰዋለች። እሱ ልጁን አይመታም። ጭኑ መሀል አጥብቆ ይዞ ይለጥፋል፣ ተነክሶ ሥራ ይሄዳል። እሺ ማለቱ ስለተሰማ ሚልካም ክሊኒኳ ተመለሰች። ሚስስ ኛቦኬ ለራሷ አንድ ፕላስተር ሰጠቻት፣ ደረጃ ስትወጣና መንገድ ስትሻገር አንዱን ዓይኗን ሸፍና አንድ ነገር እንድታይ።

ማታ ማታ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ልጅቷ የነከሰችውን ማታ በእናቲቱ ያወጣዋል። ያው ድምፅ፣ ሰውና ግድግዳ፣ ሰውና ቁምሳጥን። ሚልካ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ትሰማለች። ሽማግሌዎቹ ጋ ሄዳ ልትናገር ታስብና፣ ቢናደድስ፣ ፕላስተሩን ቢተወውስ፣ ትላለች። ትንሽ ይቆይ፣ ዓይኗ ይያዝላት፣ ከዛ እናገራለሁ። ካሣ ሲሏት የልጅቷን ዓይን ጠየቀች፣ የእናትየውን ነገር ግን አልጠየቀችም። ያን ቀን ትዝ አላላትም፣ እውነቱ እሱ ነው። ወይ ትዝ ብሏት ፈርታለች። ከዛ እሷም እንደ ሰው ሬዲዮዋን ከፍ ማድረግ ጀመረች።

ዓለምፀሐይ በዛ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ መጠቅለል ጀመረች። ሚልካ ቧንቧ ጋ ስትጠይቃት፣ ቶንሲል ነው፣ አለች። ድምጿ የእውነት ጎርነን ብሎ ነበር። «ሚልካዬ፣ ዓይኗ ግን ለውጥ አለው አይደል?» አለቻት። አለው አለቻት። «እንግዲያው ይሁን» አለች ዓለምፀሐይ፣ ባልዲዋን አንስታ ሄደች።

ካሣው በትክክል መከፈሉን ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው የሚያዩበት ቀን ተቆረጠ። እሁድ ነበር፣ ከቤተክርስቲያን መልስ፣ ጠራራ ፀሐይ። ክፍሎቹ ለምርመራ ጠባብ ስለሆኑ ኮሪደሩ ላይ ይሁን ተባለ። ልብስ ከገመድ ተሰበሰበ፣ ጎረቤት ሁሉ በየበሩ ቆመ። ሚልካ ከክሊኒኩ ሰሌዳውን ተውሳ መጥታለች፤ ሹካ የሚመስሉ ፊደሎች ያሉበት ነው፣ ከላይ ትልልቅ፣ ወደታች እያነሱ የሚሄዱ። ማንበብ የማይችል ልጅ ሹካው ወዴት እንደዞረ በጣቶቹ ያሳያል። ሰሌዳውን ሊሰቅሉት ቢሉ ግድግዳው ምስማር አልያዝ አለ። ዓለምፀሐይ፣ እኔ እይዘዋለሁ፣ አለችና ወዲያኛው ጫፍ ቧንቧው ጋ ሄዳ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ያዘችው።

ናፍቆት በዚህኛው ጫፍ መነጽሯን አድርጋ፣ ቀኝ ዓይኗ ተሸፍኖ ቆመች። አባቷ ከኋላዋ፣ ብሎኬቱ አጠገብ። ሚልካ በረጅም ማማሰያ ፊደሎቹን እየነካች ትጠይቃለች። ትልቁ ወዴት ነው? ናፍቆት ሦስት ጣቷን ወደ ላይ። ይሄስ? ወደ ታች። ይሄስ? ወደ በሩ። መጀመሪያ ክሊኒክ በሄደች ቀን በዛ ዓይኗ ትልቁን እንኳን አላየችውም ነበር። አሁን መስመር በመስመር እየወረደች ነው። ጎረቤት ማጨብጨብ ጀመረ። እታገኘሁ እልል አለች። ጌታቸው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ በመዳፉ ዓይኑን ሲያብስ ታየ፤ የተነከሰው እጁ ጠባሳ በጠባሳ ሆኗል።

ጋሽ ሀብተወልድ ደስ ብሏቸው ቀለዱ። «እሺ የኔ ንስር፣ ከሹካው ሌላስ ምን ይታይሻል እዛ ጋ?»

ናፍቆት አንገቷን ዘንበል አድርጋ በደንብ አየች። ዓለምፀሐይ ሰሌዳውን በሁለት እጇ ስለያዘች ሻርፑ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። እጇን ወደ አንገቷ ብትሰድ ሰሌዳው መውደቁ ነው። አለቀቀችውም።

«እማዬ አንገት ላይ ጣቶች አሉ» አለች ናፍቆት። ከዛ ለፊደሎቹ እንዳደረገችው ጣቶቿን ዘርግታ ወደ ጎን አዞረቻቸው። «ወደዚህ ነው የዞሩት።»

ጭብጨባው ቆመ። ሁሉም አየ። በግራ የአራት ጣት ምልክት፣ በቀኝ የአውራ ጣት፣ ጠቁረው፣ ዳር ዳራቸው ቢጫ። የሰማ ሰው አልሰማሁም ማለት ይችላል፣ እንደዛም ሲሉ ከርመዋል። አሁን ግን ቀን ነው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሬዲዮም የለም።

ጌታቸው «ቃሌን ጠብቄያለሁ» አለ። «ዓይኗ አየ፣ አይደል?»

«አዎ፣ አየ» አለች ሚልካ።

መሀል ኮሪደሩ ላይ፣ በሱና በሚስቱ መካከል ነው የቆመችው። መቼ እንደዛ እንደቆመች አታውቅም። ጌታቸው ረጅም ነው፤ ቀና ስትል ሁለት ሆነባት፣ አንዱ ጌታቸው በሌላው ላይ ተደርቦ፣ አራት እጅ። የትኛው እጅ እንደሚመጣ አላወቀችም። መዳፏን አንስታ ግራ ዓይኗን ሸፈነች። አንድ ሆነ። አንድ ሰው ነበር፣ ከንፈሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ጎንበስ ብሎ ብሎኬቱን የሚያነሳ።

ጋሽ አብዱልፈታ፣ በአንገትህ የተሸከምከው ነው ጌታቸው፣ አስቀምጠው፣ አሉት። አልሰማም። ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ በሚልካ ትከሻ አሻግሮ ወደ ሰሌዳው ወረወረው። ንፋሱ ጆሮዋን ዳሰሳት። ብሎኬቱ ዓለምፀሐይ እግር ስር ካለው ጀሪካን ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ፈነዱ። ውሃ በኮሪደሩ ሙሉ ሄደ። ዓለምፀሐይ ቆማ ቀረች፣ ሰሌዳውን እንደያዘች፣ ቁርጭምጭሚቷ እየደማ።

ከዛ ወንዶቹ መጡ። ያ ሁሉ ሬዲዮ የሚከፍት ወንድ በአንድ ጊዜ ከየበሩ ወጣ። መንገድ ላይ ሌባ ሲያዝ የሚመታውን አመታት ነው የመቱት፣ በቡጢ፣ በጫማ፣ በመጥረጊያ እንጨት፣ አንዱ በብሎኬቱ ስባሪ። የሰሙት ሌሊት ሁሉ ዕዳ ሆኖባቸው ይመስል። ጋሽ ሀብተወልድ መሀል ገብተው በቃ በቃ ሲሉ ኮፍያቸው ወደቀ፣ ተረገጠ። ጌታቸው ሲመታ ዝም እንደሚለው ሲመቱትም ዝም አለ። ድምፁ የሚያውቁት ድምፅ ነው፣ ሰውና ግድግዳ።

ሚልካ ወደ ናፍቆት ሮጠች። ልጅቷ ቆማ እያየች ነው፣ ፍጥጥ ብላ፣ በዛ በአንድ ዓይኗ፣ ሁሉም ሰው ተባብሮ እንዲያይ ባደረገው ዓይን። ሚልካ ውሃው ላይ ተንበርክካ አቀፈቻት። ቀና ስትል የተነሳው እጅ ሁሉ፣ እንጨቱ ሁሉ እጥፍ ሆነባት። የራሷን ዓይን የሸፈነችበትን እጅ አንስታ የልጅቷን ዓይን ሸፈነች፣ መነጽሩን ሰብስባ፣ ያን ያልተሸፈነውን።

ናፍቆት በትንንሽ ጣቶቿ የሚልካን እጅ ለማላቀቅ ትታገላለች።

«ሚልኪ፣ እጅሽን አንሺ» አለቻት። «ሰዓቱ ገና አላለቀም።»

ሚልካ አላነሳችም።